ማሩ በቁሙ የተለቀሰለት ሳምንት

ዘንድሮ ሰሙነ ሕማማትን ያሳለፍኩት ፀዳ በምትባለው ከተማ፣ ቤቴ ውስጥ ተዘግቶብኝ ነው። ማክሰኞ ዕለት መንገድ ተዘጋ ተባለ። ማን እንደዘጋው የሚያውቅ አልነበረም፣ የሚጠይቅም አልነበረም። ባጃጆቹ ጠፉ፣ ሱቁ መዝጊያውን አወረደ፣ ስልኩ ዝም አለ፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ከግቢዬ በር ወዲህ ሆኜ፣ አልፎ አልፎ የሚሰማውን ተኩስ ቅርብ ነው ሩቅ እያልኩ ተቀመጥኩ። መጽሐፍ ማንበብ ሲታክተኝ የማደርገው ዕቃ ማገላበጥ ነውና ከአልጋ ሥር ከዓምና የተረሳ የበርበሬ ጆንያ ጎትቼ አፉን ፈታሁ። ያ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ አቧራና የአይጥ ሽንት የተቀላቀለበት ሽታ ፊቴን ሲመታኝ ፀዳም ተኩሱም ጠፋና፣ ከእናቴ ቆጥ ሥር መሰላል ተደግፌ፣ በእጄ የውሃ ጣሳ ይዤ የቆምኩ መሰለኝ።

ቤታችን ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ፣ መግቢያና መውጫው አንድ በሆነ ጠባብ መንደር ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነበር። አባቴ ገና ሳላውቀው ስለሞተ እናቴ የሺ በርበሬ እየነገደች አሳደገችኝ። በርበሬው ቆጥ ላይ፣ ማለትም ከጣራው ሥር በእንጨት ርብራብ በተሠራው ማስቀመጫ ላይ ይከመራል፤ ከክምሩ ጀርባ አሮጌ ጆንያዎች እንደ መጋረጃ ተሰፍተው ተሰቅለዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ማሩ ይኖር ነበር።

ማሩ የሒሳብ መምህር ነበር። ወረቀት በትኗል ተብሎ ከገና ጀምሮ ይፈለጋል። ዘመኑ ወጣት ሁሉ ወይ የሚፈለግ ወይ የሚፈልግ የሆነበት ዘመን ነበር፤ ደርግ ለሁለቱም ሥራ አላሳጣም። ቆጡ ቁመት ስለማይሰጥ ማሩ ወይ ይተኛል ወይ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ አይናገርም፣ አያስልም፣ ቀን አይገላበጥም። እኔ በርበሬ የማወርድ መስዬ እንጀራና ውሃ አደርስለታለሁ፤ እሱም በምላሹ በጆሮዬ የማባዛት ሰንጠረዥ ያንሾካሹክልኛል። እስከ ዛሬ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስል አፍንጫዬ ይበላኛል።

አንድ ነገር ብቻ አልገዛም ብሎት ነበር፤ ማስነጠስ። በርበሬ መካከል የሚኖር ሰው ማስነጠሱን ሊተው አይችልም፣ እናቴ ደግሞ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለትን ልትተው አትችልም። ብታውቅም፣ ብትፈራም፣ ምላሷ ይቀድማታል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቤታችን ተቀምጣ ሳለ ከላይ እንጥሽ የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ፤ እናቴም ሽንኩርቷን እየላጠች «ይማርህ» አለች።

«ማንን ነው?» አለች እትዬ ብርቄ።

«ድመቷን።»

«ድመት ከመቼ ወዲህ አላችሁ? ደግሞስ ለድመት ይማርህ ይባላል?»

«በርበሬ ስትበላ ታሳዝነኛለች።»

እትዬ ብርቄ የሰፈራችን ሙሾ አውራጅም፣ ጋዜጣም ነበረች። ጠዋት የሰማችውን ማታ ገበያው ይሰማዋል። ድመቷን ማመን አለማመኗን ከፊቷ ማንበብ አቃተን፤ እናቴ ግን ያን ሰሞን ሽንኩርት ሳትልጥም ታለቅስ ነበር።

ሆሳዕና ሲቃረብ የነፍስ አባታችን አባ ደምሌ መላ ይዘው መጡ። በአርማጭሆ በኩል ወደ ሱዳን የሚያሻግር መንገድ መሪ አግኝተዋል፤ ማሩ በትንሣኤ ሌሊት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ፣ ከሰዉ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። እናቴ መንገዱን ሰምታ ፈራች። የፈራችው ጥይቱን ብቻ አልነበረም፤ ሳምንቱንም ነው። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ያ ሳምንት ጌታ ሳይሰቀል አዳምና ልጆቹ በሲኦል የታሰሩበት ዘመን ምሳሌ ነው፤ ስለዚህ ካህን አይፈታም፣ መስቀል አይሳለሙም፣ ሰላምታ እንኳ የለም። በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደረጋል። ይህን ሥርዓት ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል፤ ሰው ሁሉ ዘንባባውን በጣቱ ጠምጥሞ፣ በቁሙ፣ የራሱን የቀብር ጸሎት ያደምጣል። ማሩ ግን ቆጥ ላይ ነው። በሳምንቱ ቢሞትስ?

እናቴ የደረሰችበት መፍትሔ ከሊቃውንት ሳይሆን ከበርበሬ ነጋዴ የሚጠበቅ ነበር፤ ሰውዬው መሄድ ካልቻለ ልብሱ ይሂድ። በሆሳዕና ጠዋት የማሩን ጋቢ በነጠላዋ ሥር አቅፋ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄደች። ፍትሐቱ ሲጀመር፣ የሰማይ ጆሮ በጨርቅ ይደፈን ይመስል፣ ጋቢውን አውጥታ ደረቷ ላይ ዘረጋችው። ጋቢው በሲጋራ ተቃጥሎ በቀይ ክር የተሰፋ ነበርና የማያውቀው ሰው አልነበረም። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ባዕድ አገር ሞቶ ሬሳው ሲቀር የሚለቀሰው በልብሱ ነው። እናቴ ስለ ነፍሱ ስታስብ ይህን ረሳችው። ከፊት ለፊታችን የቆመችው እትዬ ብርቄ ዞር አለች፣ ጋቢውን አየች፣ የእናቴን እንባ አየች፣ ሞቷል ብላ ጨረሰች።

ቤት ስንደርስ ግቢያችን በሴት ተሞልቷል።

«የሺዬ፣ ምነው? ወንድም ሞቶብሽ ብቻሽን ልትውጪው ኖሯል?» ብላ እትዬ ብርቄ ደረቷን ደቃች።

የእናቴ ፊት እንዴት እንደሆነ አልረሳም። ሞቷል እንዳትል ማሟረት ነው፤ አልሞተም እንዳትል «ታዲያ የት ነው?» የሚል ይከተላል። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣለችው። ሴቶቹ እሱን እንደ መልስ ቆጥረው ጩኸቱን ለቀቁት። ቤት ገቡ፣ ጋቢውን መደቡ ላይ ዘረጉት፣ ሙሾው ተጀመረ፤ ልክ ከቆጡ ሥር።

«ፈረሱን ሲጋልብ ሜዳው የሚጠበው፣
በማን አገር ወድቆ ማን አፈር መለሰው?»

ማሩ በዕድሜው ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ በቅሎ እንኳ ሲያልፍ መንገድ የሚለቅ ሰው ነበር። በኋላ በጆሮዬ እንደነገረኝ፣ ያ ሁሉ ለቅሶ ሲወርድለት ከሞቱ ይልቅ የቆጨው ስለ ሒሳቡ አንድ ስንኝ አለመገኘቱ ነው።

ታዲያ ሴቶቹ ደረት ሲመቱ ቤቱ ይነቃነቃል፣ ቤቱ ሲነቃነቅ የበርበሬው አቧራ ይነሣል። እኔ ዓይኔን ከጆንያው አላነሣሁም። ሙሾው ትንፋሽ ለመውሰድ ባፍታ ዝም ባለበት ቅጽበት፣ እንጥሽ።

«ይማርህ» አለች እናቴ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ላይ አዩ፣ ከዚያ እናቴን አዩ። በረንዳ ላይ ከተቀመጡት ወንዶች መካከል የመንደሩን አፍ የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂ አያ ሞላ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አለ። በዚህ ጊዜ እትዬ ብርቄ ተነሥታ እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸች፤

«ወይኔ ድመቷ! ድመቷ እንኳ አለቀሰችለት!»

ሴቶቹም ተቀበሏት። ለሞተ ሰው ካለቀሱት ይልቅ ቆጥ ላይ ላለው ሰው ያለቀሱት ይበልጣል፤ አሁን የሚያለቅሱት እየፈሩ ነዋ። እስከ ረቡዕ እየተመላለሱ፣ ንፍሯቸውን እያመጡ፣ ሕያው መሆኑን እያወቁ ለማሩ አለቀሱ። ባሎቻቸው እንኳ አልሰሙም። ያቺ የሰፈር ጋዜጣ አልታተመችም። ቀበሌውም ማሩ ሞቷል ብሎ አመነ፤ አያ ሞላ ራሱ እናቴን «አይዞሽ፣ ሸጋ ልጅ ነበር» ብሎ አጽናናት። እሱና ማሩ ፊደል አብረው የቆጠሩ ናቸው።

ማሩ ግን ከቀድሞው የባሰ ታሰረ። በፊት የሚፈለግ ሰው ነበር፤ አሁን የተለቀሰለት ነው። አንድ ዓይን ቢያየው የሚጠፋው እሱ ብቻ ሳይሆን ያለቀሱት ሴቶች ሁሉ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ውሃ ሳቀብለው ጣሳውን ሳይጠጣ መለሰልኝ። «ያ ሁሉ ሰው እኔን ተሸክሞ» አለኝ። የማባዛቱን ሰንጠረዥ አልቀጠለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባ ደምሌ ከሁለት ዲያቆናት ጋር፣ ቃጭል እያቃጨሉ፣ የምሥራቹን ቄጤማ ለየቤቱ ሲያድሉ እኛም ቤት ገቡ። በሩ እንደተዘጋ ድምፃቸው ተለወጠ።

«የሺ፣ መንገድ መሪው ፈርቷል። ዛሬ እኩለ ቀን አዘዞ ላይ ካላገኘሁት ትቼ እሄዳለሁ ብሏል።»

«በጠራራ ፀሐይ? አያ ሞላ በሩ ላይ ቆሞ?»

«ሦስት ሆነን ስንገባ ቆጥሮናል። ሦስት ሆነን መውጣት አለብን።»

እናቴ ገና ነገሩን ሳታላምጠው አባ ጥምጣማቸውን መፍታት ጀምረዋል። ካባቸውን፣ መስቀላቸውን፣ ጫማቸውን ሳይቀር አወለቁ። ማሩ ሲወርድ ብርሃኑ አስጨነቀው፤ ጢሙ ለክህነት ደርሷል፣ በበርበሬ የቀላው ዓይኑ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምስ ያከፈለ ጿሚ አስመስሎታል። «አባ፣ እርስዎስ?» አለ። «እኔማ ወደ ቤትህ ነው የምወጣው» አሉት፤ መሰላሉን ያዙና በዚያ ዕድሜያቸው፣ በባዶ እግራቸው፣ እያቃሰቱ ወጡ። አንዱ ዲያቆን የአባን ካባና ጥምጣም ባደረገው ማሩ ራስ ላይ ጥላውን ዝቅ አድርጎ ያዘ። ቃጭሉ እያቃጨለ መንደሩን ሲሻገር፣ አያ ሞላ አጠገብ ሲደርስ፣ ሲያልፍ፣ ሲርቅ፣ እናቴ ምሰሶውን እንዳቀፈች ሰማች።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለአባ ደምሌ ውሃ ይዤ ወጣሁ። እሳቸውም አክፍለዋልና አልነኩትም። ጉልበታቸውን አቅፈው በማሩ ቦታ ተቀምጠዋል። ፈርቼ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ቄስ ትምህርት ቤት የሰማሁትን አነሣሁ።

«አባ፣ ጌታ ሲኦል ድረስ ለምን ወረደ? ከላይ ሆኖ ውጡ ቢላቸው አይወጡም ነበር?»

«ከላይ ሆኖ ውጡ ማለትማ ሞላም ይችላል» አሉኝ። «የታሰረ ሰው ከውጭ የሚጠራውን አያምንም ልጄ። ወጥመድ ይመስለዋል። መጥቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ሲያይ ነው የሚነሣው።»

«ሰማይስ ምን ይመስላል?»

ጆንያውን፣ ርብራቡን፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባውን ክር የመሰለች ብርሃን አዩና፣ «ከዚህ ሰፋ ያለ ይመስለኛል። በርበሬም የለበትም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤዛነት የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ። አንዱ ሊቅ ዋጋው የተከፈለው ለዲያብሎስ ነው ይላል፣ ሌላው የለም ለአብ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ለማውገዝ ወፍራም መጽሐፍ ይጽፋል፤ ሁሉም ሲኦልን የሚጽፉት ከላይ ሆነው ነው። እኔ ሴት ነኝና መቅደስ ገብቼ አላውቅም፤ ከመጋረጃው ወዲያ ስላለው የሚነግሩኝ የገቡ ወንዶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሲነግሩኝ መግባታቸውን እጠራጠራለሁ። ገልጬ የገባሁት መጋረጃ ግን አንድ አለኝ። ከጀርባው የተቀመጠው ሰው በሌላ ሰው ፈንታ የተቀመጠ ነበር። ስለማይታየው ዓለም ስከራከር ሰዎች እምነት የለሽ ይሉኛል፤ እኔ ግን ያየሁትን አየሁ፣ የሚከራከረኝ ያላየ ነው።

በትንሣኤ ሌሊት መቀደስ የነበረባቸው አባ ደምሌ ነበሩ። አልተገኙም፤ ማሩ እስኪርቅ ከቆጡ አልወረዱም። ጠዋት ሰው ከቤት ወደ ቤት ሲመላለስ፣ እናቴ አሮጌ ነጠላ አልብሳ በባዶ እግራቸው ሸኘቻቸው። እኔ እጃቸውን ይዤ ነበር። አያ ሞላ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«አባ! ከየት ነው? ትናንት ወጥተው የለም እንዴ? ካባዎስ?»

አባ ቀጥ ብለው ቆሙና ባዶ እጃቸውን መስቀል እንደያዘ ሰው አነሡ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።»

አያ ሞላ አፉን ከፈተ። ጥያቄው አፉ ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየዓመቱ የመለሰው መልስ ቀደመው፤ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።» አባ ቀጠሉ፣ «አሰሮ ለሰይጣን»፤ እሱም ጠመንጃውን ወደ ጀርባው እየወረወረ፣ «አግዐዞ ለአዳም» አለ። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነፃ አወጣው። ይህን በአፉ ካለ በኋላ የሚጠይቀው ጠፋው መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ ባዶውን እጅ ተሳለመ። ቀና ሲል ዓይኑ ወደ ቤታችን ሄዶ ተመለሰ። «በሉ፣ በጎን ይሂዱ» አለ። ማወቁንም አለማወቁንም እስኪሞት አልተናገረም።

አዳም ነፃ ወጣ፤ ሒሳቡ ግን አልተዘጋም፤ በዚህ ላይ ነው ከሰባኪዎች ጋር የምጣላው። የደብሩ ሰዎች በትንሣኤ የት እንደነበሩ አባን ጠየቁ። «እንቅልፍ ጣለኝ» አሉ፤ ውሸት አልነበረም፣ ቆጡ ላይ ጥሏቸው ነበር። ጾማቸውን በጠላ ገድፈው ነው የሚል ወሬ ወጣ። ከቅዳሴ ታገዱ። ዘመኑ እንዲያ ነበርና እውነቱን መናገር ሰው ማስገደል ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ደግሞ እሳቸው የሉም። ዕድሜ ልካቸውን ከገቡበት መቅደስ ውጭ፣ ከእኛ ከሴቶቹ አጠገብ፣ ዋርካው ሥር ቆመው ያስቀድሱ ነበር። እዚያው ቆሜ አንድ ቀን «ከፋዎት ወይ?» ብላቸው፣ «ከዚህ ሆኖ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል አይደል?» ብቻ አሉኝ።

ማሩ አዘዞ ደርሶ መንገድ መሪውን አገኘ። እስከዚያ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ወሬው አልመጣም። እናቴ በአርባው ለሰዉ ዓይን ስትል ተዝካሩን ደገሰች፣ በሙት ዓመቱም ደገሰች። ደርግ ሲወድቅ ከሱዳን የሚገባውን መኪና ሁሉ ወጥታ አየች። የጠፋ ሰው ቤት አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ያለቅሳል፣ ጎረቤትም ያለቅስለታል፤ እሷ ግን የማሩን ለቅሶ በሕይወቱ አውጥታው ጨርሳለች። ለተለቀሰለት ሰው ድጋሚ አይለቀስም። ስለዚህ ሳታለቅስ፣ ሳትጠብቅም ሳትተውም፣ በመካከል ተቀርቅራ አረጀች። እትዬ ብርቄ አልፎ አልፎ መጥታ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ትቀመጥ ነበር።

ሴቶቹ ሁሉ አልቀዋል። በፀዳ ከግንቤ ወዲያ ማን እንደሚኖር አላውቅም፤ ቤቴ ውስጥ ሰው ቢያስነጥስ የሚሰማ ጎረቤት አለኝ፣ የሚሸፍን ግን እንዳለኝ እንጃ። በተዘጋው መንገድ ጊዜ ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር፤ ማን ነው የሚመጣው? እኔስ ማን ጋ እሄዳለሁ?

መንገዱ ሲከፈት፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ወደ ድሮ ሰፈሬ ሄድኩ። እናቴ ዓመት ሙሉ በየቅዳሴው ስሙ እንዲጠራ የማሩን ስመ ክርስትና ለካህኑ ትሰጥ ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ይህ ሥራ የእኔ ነው፣ እኔም እምነቴን ከእሷ ጋር ቀብሬአለሁ እያልኩ እሠራዋለሁ። ዘንድሮ ካህኑ አዲስ ወጣት ነበር።

«እትዬ፣ ስሙን በሕይወት ካሉት ጋር ልጥራው ወይስ ካረፉት?»

«እናቴ የት ታስጠራው ነበር?»

«እሱን አላውቅም። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፣ ቅዳሴ ልገባ ነው።»

በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ጋር የምከራከር ሴት ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ፍትሐቱ ተደርጎለታል፣ ተዝካሩ ወጥቷል፣ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፤ ቢኖርም ዛሬ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነው። ካረፉት ጋር ብዬ መገላገል እችል ነበር። ነገር ግን ያን ቃል የሚናገር ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም፤ አንዴ ካልኩት የሚመልሰው የለም።

«ካሉት ጋር» አልኩት።

ካህኑ ገብቶ መጋረጃውን ሳበ።